ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ክርስቲያን ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት የሌለበት ብሎክ ማግኘት ያስቸግራል። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ አማኞች ናቸው፤ ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ በቅድሚያ የሚያደርጉት ነገር ለጸሎት ወዳጆቻቸው ወይም ለንስሐ አባታቸው መንገር ነው። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ችግር የሚመጣው ዝግጅቱ በዚያው ሲያበቃ ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ስህተቶች አብዛኞቹ ከእምነት ማነስ የመጡ አይደሉም፤ እምነትን ያለ ቦታው ከማዋል የመጡ ናቸው፤ ስህተት ስለማይመስሉም ለማረም አስቸጋሪ ናቸው።

ከሁሉም ሥር የሰደደው፣ የምትናገሩት በዚያች ሰዓት ይሰጣችኋል የሚለውን የጌታ ቃል ለቃለ መጠይቅ ማዋል ነው። ቃሉ በማቴዎስ 10፥19 የተነገረው ስለ ስሙ ተይዘው ለሸንጎ አልፈው ለሚሰጡ ደቀ መዛሙርት እንጂ፣ የሥራ ማስታወቂያውን ደግሞ ሳያነብ ለሚሄድ ሥራ ፈላጊ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ የተሻለው ምሳሌ የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ ነው። ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በካሴሉ ወር ሰምቶ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ንጉሡ አርጤክስስ ምን እንደሚለምን የጠየቀው ግን ከ4 ወር ገደማ በኋላ፣ በኒሳን ወር ነበር። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ እንደ ጸለየ ተጽፏል፤ ጊዜው ከአንዲት አጭር ጸሎት በላይ የሚበቃ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተናገረው ግን በደንብ የታሰበበት ነው፦ የሚቆይበትን ጊዜ ወሰነ፣ በወንዝ ማዶ ላሉት ገዦች የሚሰጥ ደብዳቤ ጠየቀ፣ ለበሮቹና ለቅጥሩ የሚሆን እንጨት እንዲሰጠው ለንጉሡ ዱር ጠባቂ ለአሳፍ እንዲጻፍለት ለመነ። የዱሩን ጠባቂ ስም ሳይቀር ያውቅ ነበር። እነዚያ 4 ወራት በጸሎት ብቻ ያለፉ እንዳልሆኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በእኛ አካባቢ ይህ ዝግጅት ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ለጥራት ተቆጣጣሪነት የተጠራችን አንዲት የኬሚስትሪ ምሩቅ እናስብ። ቂሊንጦ ያለ የመድኃኒት ፋብሪካ ከእርሷ የሚጠብቀው፣ ቦሌ ለሚ ያለ የልብስ ፋብሪካ ከሚጠብቀው ፈጽሞ የተለየ ነው። በማስታወቂያው ላይ የተዘረዘሩትን የሥራ ግዴታዎች አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ በእያንዳንዱ ትይዩ በትምህርት ቤት ወይም በልምምድ ወቅት የሠራችውን ብታሰፍር፣ ክፍተቷ የትኛው እንደሆነ በአንድ ምሽት ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ የምትጸልየውም ስለ ምን እንደምትጸልይ አውቃ ነው።

የሰዓትና የመንገድ ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው ይጥላል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ኢሜይል ላይ 9፡00 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት የደረሰ እጩ 6 ሰዓት አርፍዷል። ከከተማው ዳርቻ ተነስቶ ጠዋት ቦሌ ወይም ካዛንቺስ መግባት የሚኖርበት ሰው ደግሞ የታክሲውን ሰልፍና የመንገዱን መጨናነቅ አስቀድሞ መቁጠር አለበት፤ ቢቻል ከቀጠሮው በፊት በነበረ አንድ የሥራ ቀን በዚያው ሰዓት ሄዶ ቢሮውን ማየት ይመረጣል። በየቀኑ የሚታወቅን የመንገድ መጨናነቅ የጠላት ውጊያ አድርጎ መናገር ለጸሎት ጓዶች ያስኬድ ይሆናል፤ ለጠያቂዎች ግን አያስኬድም። ስለ አለባበስ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ዮሴፍም ከግዞት ተጣድፎ ሲወጣ በፈርዖን ፊት የቆመው ተላጭቶና ልብሱን ለውጦ ነው።

ሌላው ስህተት «ስለ ራስዎ ይንገሩን» ለሚለው ጥያቄ የመዳን ምስክርነት መስጠት፣ ወይም እያንዳንዱን መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» በሚል መጀመርና መጨረስ ነው። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት ሥራውን መሥራት መቻል አለመቻሉን ነው፤ እምነቱን ሊመዝኑም አይገባም። ይህ ማለት ግን በቤተ ክርስቲያን የተሰጠው አገልግሎት ይደበቅ ማለት አይደለም። «ጌታን በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ» ከማለት ይልቅ «የሰንበት ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ሆኜ፣ ያለ ደረሰኝ ወጪ ሳላደርግ በየ3 ወሩ ለኮሚቴው ሪፖርት አቀርብ ነበር» ቢል፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ የቀረበ እጩ ጠያቂዎቹ ሊመዝኑት የሚችሉት ነገር ሰጣቸው ማለት ነው። መዘምራንን ማስተባበር፣ የጉባኤ መስተንግዶን መምራት፣ ሕፃናትን ማስተማር ሁሉም በዚህ መልክ ሊነገሩ ይችላሉ፤ በእውነት የተሠሩ እስከሆኑ ድረስ።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው ጥፋት ትሕትናን ያለ ልክ ማሳየት ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አሳንሶ፣ ብቻውን የሠራውን ሁሉ «ሠራን» እያለ የሚመልስ ሰው ጨዋ ልጅ መሆኑን ያሳያል፤ ጠያቂው ግን በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ነገር ያጣል። ዮሴፍ ሕልምን መፍታት የእግዚአብሔር እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ተናገረ፤ ወዲያውም በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛው እንዲከማች የሚል ግልጽ ዕቅድ አቀረበ። ለተጠየቁት ጥያቄ በልክ የተሰጠ እውነተኛ መልስ ትዕቢት አይባልም።

እውነት ከተነሳ ዘንድ፣ የሐሰት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ማሠራት ኃጢአት መሆኑን የማያውቅ አማኝ ስለሌለ በዚያ ላይ አላተኩርም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳይታወቅ የሚሾልከው ነው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሰው መነሻውን በእኛ አቆጣጠር፣ መጨረሻውን ደግሞ 2024 ብሎ በአውሮፓውያን ሲጽፍ የ2 ዓመት ልምዱ 9 ዓመት ይመስላል። ጠያቂው ሲያስተውለው ሊያጭበረብር የሞከረ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። በአንድ የዘመን አቆጣጠር መጻፍና የትኛው እንደሆነ መግለጽ ይበቃል። የቀድሞ ደመወዝን ከፍ አድርጎ መናገርም እንዲሁ ነው፤ የደመወዝ ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ የሚጠይቁ ድርጅቶች ስላሉ ውሸቱ ሩቅ አይሄድም። «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የሚለው ትእዛዝ ደመወዝን አይለይም።

የእሑድን ነገር ከተቀጠሩ በኋላ ለማንሳት ማቆየት ሌላው ስህተት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፣ ሠራተኛውም በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት አለው፤ ዕረፍቱም በተቻለ መጠን እሑድ ይሆናል። ሆኖም ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና በፈረቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሌላ ቀን ሊሰጡ ይችላሉ። ቅዳሜን ለሚያከብሩ ክርስቲያኖች ጉዳዩ ይከብዳል፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራልና። «የፈረቃው አደላደል እንዴት ነው?» ብሎ በረጋ መንፈስ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ፈርሞ በ2ኛው ሳምንት መቅረት ግን አለው።

የቀድሞ አለቃን ማማት በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ ሐሜት ነው።

«ይህ ሥራ የእኔ እንደሆነ ጌታ ነግሮኛል» ብሎ ሌሎች ማመልከቻዎችን መተው ደግሞ ብዙዎችን ጎድቷል። ጌዴዎን ከእግዚአብሔር ምልክት ለመለመን የበግ ጠጕር ባዘቶውን የዘረጋው አስቀድሞ በግልጽ ለታዘዘው ነገር ነበር፤ የስልክ ጥሪን ወይም የጠያቂን ፈገግታ ምልክት አድርጎ ማመልከቻ ማቋረጥ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ውል ሳይፈረም በጉባኤ የተመሰከረለት ሥራ ሲቀር ደግሞ ወጣቱ ከደረሰበት ሐዘን በላይ ኀፍረት ይጨመርበታል፤ ከኅብረትም ይርቃል። ያዕቆብ «ጌታ ቢፈቅድ» ማለትን ያስተማረው ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቅድ ነው።

በመጨረሻ የማነሳው በአማኞች መካከል በግልጽ የማይወራውን ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ የአጥቢያው ሰው መሆኑ ሲታወቅ፣ በቃለ መጠይቁ ዋዜማ ማታ «ወንድሜ፣ ነገ እኮ እናንተ ጋ ነኝ» የሚል ስልክ ይደወላል። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ፣ ፈተናው የጽሑፍ ይሁን የቃል፣ የትኛው ሰነድ ከኦርጅናሉ ጋር እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ጥያቄዎቹን አስቀድሞ መጠየቅ ወይም «አደራ» ማለት ግን፣ ከሰንዳፋ ወይም ከሰበታ በሌሊት ተነስቶ በዚያው በር ፊት ከሚሰለፈው ከሌላው እጩ መስረቅ ነው፤ ያም እጩ በዚያው ሌሊት ጸልዮ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ ስልክ የተደወለለት ጠያቂ አማኝም በቀጣዩ ቀን ዝምድናውን ለባልደረቦቹ አሳውቆ ለዚያ እጩ ነጥብ ከመስጠት ቢታቀብ ይገባዋል።