ቤቱ ሞልቶ ሙያተኛው ሲለቅ፦ የባህል ምሽት ቤት ማናጀር ችግርና መፍትሄ

ቦታው፣ መብራቱና ኪራዩ ደህና ነው እንበል። ሆኖም ጥሩ ጥሩ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች ቤቱ በተከፈተ በሦስተኛው በአራተኛው ወር አንድ በአንድ ይለቃሉ፤ ባለቤቱም "ሙያተኛ ጠፋ" ይላል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሙያተኛ አልጠፋም። ማናጀሩን ሸሽቶ ሌላ ቤት ገብቷል።

ምልክት፦ መድረኩ ቀዘቀዘ፣ ሽልማት ቀነሰ

እንግዳው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው በግማሽ ልብ ይመልሳል። ዘፋኟ አንድ የአምባሰል ዘፈን ብላ ትቀመጣለች። እዚህ ላይ ባለቤቶች ሙያተኛ ይቀይራሉ፤ ስህተት ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት የሽልማቱ ብር የሚሄድበት መንገድ ነው።

ብዙ ጊዜ ከወለል ብር የሚለቅመው ልጅ የማናጀሩ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ብሩ ኪስ ይገባል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ "የዛሬው ይሄው ነው" ተብሎ ይታደላል። ዘፋኟ ግን ባለ 200 ኖት ግንባሯ ላይ ሲለጠፍ ተሰምቷታል፤ ከሚታደለው ውስጥ ባለ 50 ብቻ ስታይ ምንም አትናገርም፣ በማግስቱ ግን ወደ እንግዳው አትጠጋም። እንግዳው ካልተጠጉት አይሸልምም፣ ካልሸለመም ቶሎ ይሄዳል፤ የባንኮኒው ሽያጭ አብሮ ይወርዳል።

መፍትሄው ባለሁለት ቁልፍ ሣጥን ነው። ፊቱ መስታወት ሆኖ መድረኩ ጥግ ይቀመጥ። አንዱ ቁልፍ ካሸሯ ጋ፣ ሌላው ሙያተኞቹ ራሳቸው በመረጡት ሰው እጅ ይሁን። ዘፈን ባለቀ ቁጥር ብሩ ቀጥታ ሣጥን ይግባ። ቤቱ ሲዘጋ መብራት በርቶ፣ ሁሉም እያየ፣ ባለ 200 ስንት፣ ባለ 100 ስንት ተብሎ ይቆጠር፤ ደብተር ላይ ይፈረም፤ አስቀድሞ በተጻፈው ድርሻ እዚያው ይከፈል። "ነገ እንተሳሰባለን" የሚባል ነገር የለም! ማናጀሩ በደመወዝ ይኑር፤ ሽልማቱን በእጁ አይንካ። የማርፈድ ቅጣትም ከሽልማት አይቆረጥ።

ምልክት፦ ቢራው አይገጥምም

ሳጥን 24 ጠርሙስ ነው። 10 ሳጥን ወጥቶ 240 ባዶ ጠርሙስ ተመልሶ የሂሳብ ደረሰኙ (ቢሉ) 221 ካለ፣ 19ኙ የማናጀሩ ወዳጆች ግብዣ ነው። ግብዣም ቢል ይቆረጥለት፣ የጋባዡ ፊርማ ይኑርበት። ባዶው በየሌሊቱ ይቆጠር።

ምልክት፦ ሴቶቹ ማምሸት አይፈልጉም

ማናጀሩ "ታገሺው፣ ደንበኛ ነው" ብሏታል ማለት ነው። ይህን ያለ ሰው ማናጀር መሆን የለበትም። እንግዳ እጁን ከሰደደ ጥበቃው አንዴ ያስጠንቅቀው፤ ከደገመ ሂሳቡን ከፍሎ ይውጣ፣ ማንም ይሁን ማን። ወደ ቤት የሚያደርሳቸው የታወቀ ባጃጅ በቤቱ ወጪ በወር ይያዝ። ቅጥር ላይ መታወቂያ ይታይ፦ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት 18 ዓመት ያልሞላውን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። "ትልቅ ትመስላለች" መልስ አይሆንም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ማሲንቆው ካልተሰማ ኦርጋኑ ይቀነስ፣ ማይኩም ወደ ቆዳው ይጠጋ፤ የባቲ ቅኝት ሊሰማ የመጣ ሰው ቤዝ ሊሰማ አልመጣም።

በረመዳንና በዐቢይ ጾም ገበያ ቢቀዘቅዝ የማናጀሩ ጥፋት አይደለም። ያን ሰሞን ድምፅ ማጉያው ይጠገን፣ ወንበሩ ይታደስ፤ ሠራተኛ ግን አይባረር፣ ጾሙ ሲፈታ ያው ሰው ይፈለጋል።