የመኪና አምራቾችን የድሮ የአክሲዮን ዋጋ ስታነቡ

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚህ ሐዋሳ ስለ አክሲዮን የሚያወሩ ወጣቶች በዝተዋል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ብዙዎቹ የሚለማመዱት ግን ስማቸውን በሚያውቋቸው የውጭ መኪና አምራቾች ዋጋ ነው። አንድ ነገር አበክሬ ልንገራችሁ፦ የድሮውን ዋጋ ከዛሬው ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት አክሲዮኑ በመሀል ተከፋፍሎ እንደሆነ አጣሩ።

ቴስላን እንውሰድ። በ2010 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 17 ዶላር ነበር። ኩባንያው በ2020 አንዱን አክሲዮን ለ5፣ በ2022 ደግሞ ለ3 ከፋፈለው። ስለዚህ ያኔ የተገዛ አንድ አክሲዮን ዛሬ 15 ሆኗል። የዛሬው የዋጋ ሰንጠረዥም ያንን መነሻ 1 ዶላር ከ13 ሳንቲም ገደማ አድርጎ ያሳያችኋል፤ 17 ለ15 ተካፍሎ ነው እንጂ ስህተት አይደለም። ከድሮ ጋዜጣ ያገኛችሁትን 17 ዶላር ከዛሬው ዋጋ ጎን ካስቀመጣችሁት ግን ዕድገቱ በ15 እጥፍ አንሶ ይታያችኋል።

ቶዮታም በ2021 አንዱን ለ5 ከፋፍሏል። እርሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቶኪዮ ላይ በየን፣ ኒውዮርክ ላይ በዶላር ይሸጣል፤ የኒውዮርኩ አንድ ሰነድ የቶኪዮን 10 አክሲዮኖች ይወክላል። ሁለቱን በአንድ ስሌት አትቀላቅሉ።

እንደ ፎርድ የትርፍ ድርሻ ለሚከፍል ኩባንያ ደግሞ በዋጋ ሰንጠረዡ ላይ «የተስተካከለ የመዝጊያ ዋጋ» የሚለውን ዓምድ፣ ማለትም የትርፍ ድርሻው ታስቦ የተስተካከለውን የቀኑን የመጨረሻ ዋጋ፣ ተጠቀሙ። ተራውን የመዝጊያ ዋጋ ብቻ ካያችሁ ባለአክሲዮኑ በየጊዜው የተቀበለው ገንዘብ ከስሌታችሁ ውጭ ይቀራል።