ለትምህርት ሰሞን ማታ፣ ቶሎ የሚደርስ ራት

ትምህርት ሲከፈት መጀመሪያ የሚዛባው ራት ነው። ከሥራ ገብታችሁ ቦርሳችሁን ሳታስቀምጡ «ራበኝ» የሚል ድምፅ ይቀበላችኋል፤ አንዱ የቤት ሥራው አልገባኝም ይላል፣ ሌላዋ ለነገ የሚፈረም ወረቀት አለ ትላለች፣ እናንተ ደግሞ ገና ሽንኩርት ልትልጡ ነው። አንድ ማታ ድስቱ እየተንተከተከ ዞር ስል ትንሿ ልጄ እርሳሷን እንደያዘች ደብተሯ ላይ ተኝታለች። ቀስቅሼ ላበላት ሞከርኩ። ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ተመልሳ ተኛች። አንጀቴን በላችው። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት።

ሳስተውለው፣ ጊዜውን የሚበላው ሽንኩርቱ ነው። መላጡ፣ መክተፉ፣ እስኪበስል ቆሞ ማማሰሉ። ስለዚህ እሱን እሁድ ጨርሱት።

1 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት ድቅቅ አድርጋችሁ ክተፉ። ሰፊ ድስት ውስጥ ከአንድ ሲኒ ዘይት ጋር ጣዱትና መካከለኛ እሳት ላይ ለ10 ደቂቃ ክደኑት፣ ውሃውን ይለቃል። ከዚያ ክዳኑን አንሱና እያማሰላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቁላሉት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ በኃይለኛ እሳት ጫፍ ጫፉ ያርርና መሃሉ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፣ ያ ምሬት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አይለቃችሁም። መድረሱን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ የጥሬ ሽንኩርት ሽታው ይጠፋል፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ በማንኪያ መሃሉን ስትከፍሉት የድስቱ ቂጥ ለአፍታ ይታይና ቀስ ብሎ ይገጥማል። ያኔ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ወቅጣችሁ ጨምሩ። ቀጥሎ 1 ኪሎ የተፈጨ ቲማቲም። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በኋላ ዘይቱ በዳር በዳር ብቅ ይላል፤ በቃ፣ ቁሌቱ ደርሷል። ቅመም አትጨምሩበት፣ ጨውም ትንሽ ብቻ። የየቀኑ ራት የራሱን ጣዕም እንዲይዝ ነው።

ሰፋ ያለ ትሪ ላይ አፍስሱትና ቶሎ ይቀዝቅዝ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ፍሪጅ፣ ሁለቱን ፍሪዘር አስገቡ፣ ቀኑንም ጻፉበት። ፍሪጅ ያለው ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ሰኞ ምስር ክክ። ገብታችሁ እጃችሁን እንደታጠባችሁ መጀመሪያ ሩዝ ጣዱ፦ ለ2 ብርጭቆ ሩዝ 4 ብርጭቆ ውሃ፣ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ክደኑትና ለ15 ደቂቃ አትክፈቱት። ጎን ለጎን 1 ብርጭቆ ተኩል ቀይ ምስር ክክ አጥባችሁ ከአንዱ ቁሌትና ከ5 ብርጭቆ ውሃ ጋር ጣዱ። ክክ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፣ በ20 ደቂቃ ይፈርሳል። ስታወጡት ሎሚ ጭመቁበት፤ ጣዕሙን ከፍ ያደርገዋል።

ማክሰኞ እንቁላል። ይህ ለደከማችሁበት ቀን ነው። ቁሌቱን ሰፋ ያለ መጥበሻ ላይ በትንሽ ውሃ አላሉት፣ ሲፈላ በማንኪያ ጎድጎድ እያደረጋችሁ ስድስት እንቁላል ስበሩበት። ለ7 ደቂቃ ክደኑት። በዳቦ ብሉት።

ረቡዕ ፓስታ፣ ለአራት ሰው 400 ግራም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ከመድረሱ 2 ደቂቃ ቀድማችሁ አውጡትና አንድ ብርጭቆ የፈላበትን ውሃ አስቀሩ። ፓስታውን ከቁሌቱ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ያን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨርሱት። ውሃው የፓስታውን ስታርች ስለያዘ ሶሱን ከፓስታው ጋር ያያይዘዋል። ቱና ወይም የተፈቀፈቀ ካሮት ቢገባበት ራቱ ሙሉ ነው።

ሐሙስ ኦቨን ላላቸው። የዶሮ ጭን፣ ድንችና ካሮት አንድ ትሪ ላይ ደርድራችሁ ዘይትና ጨው አሹት፣ 200 ዲግሪ ላይ ለ40 ደቂቃ። ሰዓቱ ረዘም ይላል፣ ግን የእናንተን እጅ የሚፈልገው 10 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በቀረው ደብተር እያያችሁ ከልጃችሁ ጋር ትቀመጣላችሁ። ዶሮው መብሰሉን አጥንቱ አጠገብ ቆርጣችሁ እዩ፣ ቀይ ነገር መኖር የለበትም። ቴርሞሜትር ካላችሁ 74 ዲግሪ ይድረስ።

አራተኛው ቁሌት ላልታሰበ ቀን ይቀመጥ። ስብሰባ የሚረዝምበት፣ ልጅ የሚያተኩሰው ቀን አይጠፋም።

ስለተረፈ ሩዝ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ምድጃ ላይ አታሳድሩት። ሩዝ ላይ ያለ አንድ ባክቴሪያ ፍሬው ሲበስልም አይሞትም፣ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ሲያድር ተራብቶ መርዝ ይሠራል፣ መርዙ ደግሞ ብታሞቁትም አይጠፋም። እንደበላችሁ ፍሪጅ አስገቡትና በማግስቱ ከእንቁላል ጋር ጥበሱት። ቀይ ቦሎቄም እንደዚያው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይለኛ እሳት ይፍላ፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ይንተክተክ።

ልጆቹ ራት እስኪደርስ ብስኩት ከጠገቡ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። እኔ ካሮት በጣት በጣት ቆርጬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ እንደገቡ እሱን አቀርባለሁ። ርቧቸው ስለሚመጡ ያለ ጭቅጭቅ ያልቃል። አዲስ ምግብ አልበላም ያለውን ልጅ አታስገድዱት። ሳህኑ ጥግ ላይ ትንሽ ጣል አድርጉለት፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና። አንዳንዱ ልጅ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ አይቶ ነው የሚቀምሰው።

ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት ፍሪዘሩን ክፈቱና የነገውን አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት፤ ዶሮ ከሆነ ውሃው ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ። ማታ ስትገቡ ቀልጦ ይጠብቃችኋል።