ያለ ማስመሪያ ሳጥን እየሳሉ መስመርን ማጥራት

ስዕል የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ፊት ለመሳል ይቸኩላል። እኔ ግን ከሳጥን ጀምሩ እላለሁ። ፊት ላይ የተንቀጠቀጠ መስመር በጥላና በፀጉር ይሸፈናል። ሳጥን ላይ ግን መደበቂያ የለውም።

ነጭ ወረቀት፣ አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ይበቃል። እርሳስና ላጲስ ይቅሩ። ሊጠፋ የሚችል መስመር ስንስል እንዘናጋለን፤ በእስክሪብቶ ሲሆን ግን አስበን ነው የምንጀምረው።

በመጀመሪያ መስመር ብቻ ሳሉ። ሁለት ነጥብ አድርጉ። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ሁለት ሦስቴ በአየር ላይ አመላልሱት። እጃችሁ መንገዱን ሲለምደው ሳትቆሙ በአንድ ጊዜ ሳቡት። ረዘም ላለ መስመር እንቅስቃሴው ከትከሻ ይምጣ። የእጅ አንጓ ብቻውን ሲዞር ቅስት ስለሚሠራ መስመሩ ይጎብጣል። ክርናችሁ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ከሆነም አንሱት።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። እጃችሁ ጉዞ ከጀመረ በኋላ መስመሩን ለማረም አትሞክሩ። ብዙውን ጊዜ መስመር የሚንቀጠቀጠው እጅ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ በየመሃሉ እያየን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስለምንመልሰው ነው። ነጥቡን ትንሽ የሳተ ቀጥ ያለ መስመር፣ ነጥቡ ላይ እየተንቀጠቀጠ ከደረሰው ይሻላል። ቢበላሽም በላዩ ላይ አትደጋግሙ። ለአንድ ጠርዝ አንድ መስመር ብቻ።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ለእናንተ ከሚቀርበው ጥግ ተነሱና ሦስት መስመሮች በሦስት አቅጣጫ አውጡ። በመካከላቸው ያሉት ሦስቱም አንግሎች ከ90 ዲግሪ በላይ ይሁኑ፤ አለዚያ ሳጥኑ የተጣመመ ይመስላል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት መስመር አውጥታችሁ የሚታዩትን ሦስት ገጾች ዝጉ። በመጨረሻ ሳጥኑ የመስታወት እንደሆነ አስቡና ከኋላ የተደበቁትን ሦስት ጠርዞች ጨምሩ።

ሳጥን 12 ጠርዝ አለው፤ አራት አራት ሆነው በሦስት ቡድን ይከፈላሉ። የአንድ ቡድን አራቱም ጠርዞች በእውኑ ሳጥን ትይዩ ናቸው። በስዕሉ ላይ ግን እንደ ባቡር ሐዲድ፣ ከእኛ በራቁ ቁጥር ወደ አንድ የመጥፊያ ነጥብ ይጠጋጋሉ። ነጥቡ ከወረቀቱ ውጪ ቢወድቅ ምንም አይደለም። ስለዚህ አዲስ መስመር ከመሳላችሁ በፊት አጠገቡ ያለውን ብቻ ሳይሆን የቡድኑን መስመሮች በሙሉ ተመልከቱ። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ነው፤ ሁለት ሁለቱ ይስማሙና አራቱ አንድ ላይ አይስማሙም።

አንድ ወረቀት ላይ አምስት ስድስት ሳጥን ይበቃል፤ የአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይለይ። ወረቀቱ ሲሞላ ቀዩን አንሱና የእያንዳንዱን ቡድን መስመሮች ከእናንተ በሚርቁበት አቅጣጫ አስረዝሙ። ለዚህ ማስመሪያ መጠቀም ይቻላል። ቀዮቹ መስመሮች እየተራራቁ ከሄዱ ወይም አንዱ ብቻውን ከወጣ፣ የትኛው ጠርዝ እንደሳተ ወዲያው ይታያል። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። መቶ ሳጥን ስሎ ካለማረም፣ አሥር ስሎ ማረም የበለጠ ያስተምራል።

የኋለኛው ጥግ ላይ ሦስቱ መስመሮች ሳይገናኙ ቢቀሩ አትደናገጡ። የቀደሙት ጠርዞች ትንንሽ ስህተት ሁሉ ተጠራቅሞ የሚወጣው እዚያ ነው። ያንን ሳጥን እንዳለ ተዉት፤ በቀዩ የታየውን ስህተት ይዛችሁ ቀጣዩን ጀምሩ።