ከዓሣ ቆዳ ኮላጅን በፓፓይን ሲወጣ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሄደ ሰው፣ ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለውን ዓሣ ቆዳ ገፈው ሲጥሉትና አባ ኮዳዎች ሲሻሙበት ያያል። የዚያ ቆዳ ከውሃ ቀጥሎ ዋነኛው ይዘት ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። ኮላጅኑን ለማውጣት በተለምዶ የሚያገለግለው ፔፕሲን የተባለው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም በአብዛኛው ከአሳማ ጨጓራ ስለሚገኝ፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሚሆን ምርት የሚያስብ አዘጋጅ የፓፓያውን ፓፓይን ወይም የአናናሱን ብሮሜሌይን ቢመርጥ አያስገርምም። ችግሩ የሚመጣው የፔፕሲኑ አሠራር እንዳለ ተገልብጦ በፓፓይን ላይ ሲሞከር ነው።

ሥራውን ከሥሩ የሚያበላሸው ስህተት ምን እንደሚፈለግ ሳይወስኑ መጀመር ነው። ኮላጅን እንደ ገመድ የተገመዱ ሦስት ሰንሰለቶች ያሉት ፕሮቲን ሲሆን፣ ለቁስል መሸፈኛ የሚፈለገው ግምዱ ሳይፈታ ነው፤ በመጠጥ ተበጥብጦ ለሚወሰድ ዱቄት ግን መቆራረጡ ራሱ ግቡ ነው። ፓፓይን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበረታል፤ የቆሮሶ ኮላጅን ግን ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ባለው ሙቀት ግምዱ ተፈትቶ ወደ ጄላቲንነት ይለወጣል። ስለዚህ ኢንዛይሙ ሙቀት ይወዳል ብሎ ያሞቀ ሰው በእጁ የሚቀረው የጄላቲን ቁርጥራጭ ነው። ግምዱ እንዲተርፍ ከተፈለገ ሥራው ሁሉ በ4 ዲግሪ አካባቢ መሠራት አለበት፤ እንደ አርባ ምንጭ ባለ ቆላ ናሙናን ጠረጴዛ ላይ ማሳደር ራሱ ያሰጋል።

ሁለተኛው የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ስህተት ነው። ፔፕሲን የሚሠራው ፒኤች 2 አካባቢ ስለሆነ ቆዳው በሚሟሟበት 0.5 ሞላር (ሞላር የብጥብጥ ክምችት መለኪያ ነው) አሴቲክ አሲድ ውስጥ ይመቸዋል። ፓፓይን በአንጻሩ ከ6 እስከ 7 ያለውን ይመርጣል፤ ከ3 በታች ሲወርድ ቅርጹን ያጣል። ፓፓይኑንና አሲዱን በአንድ ዕቃ ከማዋሃድ ይልቅ ቆዳውን በቅድሚያ ለዘብ ባለ ፒኤች ከፓፓይን ጋር በቅዝቃዜ ማቆየት፣ ማጠብና ከዚያ ወደ አሲዱ ማስገባት ይሻላል፤ በእኔ ግምት የዚህ ቅደም ተከተል ትልቁ ጥቅም አሲዱ የተረፈውን ፓፓይን ጭምር ማዳከሙ ነው።

ኢንዛይሙን ሳያስቆሙ መተውም ብዙ ድካምን ከንቱ ያስቀራል። ቅዝቃዜ ፓፓይንን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ማታ እንደ ተልባ ሲዝለገለግ የነበረ ፈሳሽ ጠዋት እንደ ውሃ ቀጥኖ ከተገኘ ኢንዛይሙ ሌሊቱን ሰንሰለቶቹን ሲቆራርጥ አድሯል ማለት ነው። ለፔፕታይድ (ለተቆራረጠ ፕሮቲን) ዱቄት 90 ዲግሪ ድረስ ማሞቅ መፍትሔ ሲሆን፣ ለግምዱ ኮላጅን ግን ሙቀት የተከለከለ በመሆኑ በጨው ማዝቀጥና በዳያሊሲስ (ትንንሹን በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) ማጥራት ያስፈልጋል።

የኢንዛይሙን ምንጭ በተመለከተም፣ የበሰለ ፓፓያ ፓፓይኑ እጅግ አነስተኛ ነው፤ የሚፈለገው ጥሬው ፓፓያ ሲጫር የሚወርደው ነጭ ፈሳሽ ነው፤ ይህም ብረትና መዳብ ስለሚያዳክሙት በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ይሰብሰብ። የታሸገ የአናናስ ጭማቂ ደግሞ በሙቀት ስላለፈ ኢንዛይሙ ሞቷል። ለማረጋገጥ የላቦራቶሪ መሣሪያ አያስፈልግም፦ በሁለት ብርጭቆ የተበጠበጠና ቀዝቀዝ ያለ ጄላቲን ተዘጋጅቶ በአንደኛው ትኩስ የአናናስ ጭማቂ፣ በሌላኛው የታሸገው ተጨምሮ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ፣ የመጀመሪያው አልረጋ ይላል።

ቆዳውን ሳያጸዱ መጀመር የተለመደ ችኮላ ነው። ሌሎቹን ፕሮቲኖች ለማስወገድ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በቅዝቃዜ እየተለወጠ ይበቃል፤ ሥራውን ለማፋጠን መጠኑን ማብዛት ኮላጅኑን ራሱን ይጎዳዋል። ስብ ለሚበዛበት ቆዳ በ10 በመቶ ቡታኖል ስቡን ማውጣት ይጨመራል።

በመጨረሻ የደረቀውን ነጭ ነገር መዝኖ ይህን ያህል ኮላጅን አገኘሁ ማለት አይቻልም፤ ጨው ሌሎች ፕሮቲኖችንም ያዘቅጣል። የኮላጅኑን መጠን ሃይድሮክሲፕሮሊን (በኮላጅን የሚበዛ አሚኖ አሲድ) መለካት፣ የሰንሰለቶቹን አለመቆራረጥ ደግሞ ኤሌክትሮፎሬሲስ (ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ በመጠናቸው የሚለይ ምርመራ) ያሳያሉ። የፓፓይን ዱቄት ሲመዘን የሚቦነው ብናኝ የመተንፈሻ አካላት አለርጂ ስለሚያስከትል፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳያደርጉ ማሰሮውን መክፈት አይገባም።