ሻወር ቤት ከመቀባታችሁ በፊት ፌስታል ለጥፉ

የሻወር ቤት ቀለም ተቀብቶ ወር ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ላስቸገራችሁ፦ ሌላ ቆርቆሮ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ እወቁ።

የተላጠውን ቦታ ፍቃችሁ አጽዱና ላዩ ሲደርቅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ፌስታል ቆርጣችሁ ለጥፉበት። አራቱንም ጎን በስኮች ግጥም አድርጉት፤ አየር ከገባ አይሠራም። 24 ሰዓት አቆዩትና አዩት።

ፌስታሉ ከውስጥ፣ ማለትም ግድግዳውን በነካው በኩል ካላበው ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ወይም ከጣሪያ አለዚያም ከመሬት ይሰርጋል። ላብ የያዘው ከውጭ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሻወሩ እንፋሎት ነው። ፌስታል ውሃ ስለማያሳልፍ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ያጋልጣል።

እንፋሎት ከሆነ ቀላል ነው። ሻጋታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና እጠቡ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀቡ። ከታጠባችሁ በኋላም መስኮቱን ግማሽ ሰዓት ያህል ክፈቱ። ቀለም ቀቢው «ጠዋት ስቱኮ፣ ከሰዓት ቀለም» ካላችሁ እሺ አትበሉት፤ እርጥብ ስቱኮ ላይ የተቀባ ቀለም አይቆይም።

ከግድግዳው ከሆነ ግን መጀመሪያ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ። በዘይት ቀለም ልሸፍነው ብትሉ ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን እንደ ፊኛ ይነፋዋል።

አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። ሲሚንቶው ገና ውሃውን እየተፋ ስለሆነ ፌስታሉ ማላቡ አይቀርም፤ በከንቱ ቧንቧ ታስቆፍራላችሁ።