በአፓርታማ ክርክር «ወጪና ኪሳራ ክፈል» ከተባላችሁ ይግባኝ እንዴት ይባላል?

ከአፓርታማው ባለቤቶች ማኅበር ጋር በትሪቡናል (እንዲህ ያለውን ክርክር በሚያይ ልዩ የዳኝነት አካል) ተከራክራችሁ ተሸነፋችሁ እንበል። ነገሩ አለቀ ስትሉ ሌላ ወረቀት ይመጣል፤ የማኅበሩን የጠበቃ ወጪ ክፈሉ የሚል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ከዋናው ውሳኔ በላይ ያንገበግባል፤ ለጣሪያ ፍሳሽ የተጀመረ ክርክር የጠበቃ ሒሳቡ ከጣሪያው ማሠሪያ ሊበልጥ ይችላልና። ይግባኝ ማለት ይቻላል። በንዴት የተጻፈ ይግባኝ ግን አያዋጣም።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። በእንግሊዝ ትሪቡናሉ የውሳኔውን ምክንያት በጽሑፍ ከላከበት ቀን አንስቶ 28 ቀን አላችሁ፤ የይግባኝ ፈቃድ የሚጠየቀውም መጀመሪያ እዚያው ከወሰነው ትሪቡናል ነው። እሱ ከከለከለ በ14 ቀን ውስጥ ወደ በላይ ትሪቡናል ትሄዳላችሁ። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስም የባለቤቶች ማኅበር ክርክር ላይ የይግባኝ ጊዜው በመደበኛው 28 ቀን ነው። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ሬጅስትራሩን (የትሪቡናሉን መዝገብ ቤት ኃላፊ) ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የወጪ ውሳኔው ከዋናው ተለይቶ፣ ዘግይቶ ሲወጣ ነው። ሁለቱ የየራሳቸው ቀን አላቸው። የአንዱ ቀን አለማለፉ ሌላውን አያድነውም። ዋናውንም ይግባኝ ካላችሁበት የወጪውን ትእዛዝ ለይታችሁ ጥቀሱት፤ አብሮ ይወድቃል ብላችሁ አትተዉት።

ቀጥሎ የሚያናድዳችሁ የቱ እንደሆነ ለዩ። መክፈላችሁ ነው ወይስ መጠኑ? መጠኑ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ መንገዱ ይግባኝ አይደለም። የወጪና ኪሳራ ዝርዝር እንዲቀርብና እንዲመረመር ጠይቁ። ስንት ሰዓት ተሠራ፣ ለምን ሁለት ጠበቃ አስፈለገ፣ ለአንድ ደብዳቤ ይህ ሁሉ ለምን ተከፈለ እያላችሁ መስመር በመስመር ተቃወሙ። ርካሽም ፈጣንም ነው።

መክፈል የለብኝም የምትሉ ከሆነ ግን ከባዱ ሥራ እዚህ ይጀምራል። ወጪ ማን ይክፈል የሚለው በትሪቡናሉ ፍቅድ ሥልጣን ውስጥ ያለ፣ ማለትም እሱ አመዛዝኖ የሚወስነው ነገር ነው። ይግባኝ ሰሚው «እኔ ብሆን ሌላ እወስን ነበር» ብሎ ብቻ አይሽረውም። ስህተት ማሳየት አለባችሁ። ስህተት ማለት የማይመለከተውን የሕግ መለኪያ መጠቀም፣ መመዘን ያለበትን ነገር መዝለል፣ የማይገባውን መመዘን፣ ሳይሰሟችሁ መወሰን፣ ወይም ለምን እንደተወሰነ የማይገባ ውሳኔ መስጠት ነው።

ስለዚህ ውሳኔውን በእጃችሁ ይዛችሁ መጀመሪያ «የትኛው ደንብ ተሠራበት?» በሉ። በኒው ሳውዝ ዌልስ መነሻው ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ፣ ማለትም ሁሉም የራሱን ይቻል የሚል ነው፤ በ2013ቱ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የትሪቡናሉ ሕግ አንቀጽ 60 መሠረት ልዩ ሁኔታ ካልኖረ በቀር። ክርክሩ ከ30,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ከሆነ ግን ያ ልዩ ሁኔታ ላያስፈልግ ይችላል። የ8,000 ዶላር ክርክር ላይ የትልቁ ደንብ ተሠርቶበት ከሆነ ጥሩ ነጥብ አገኛችሁ ማለት ነው። በእንግሊዝም በእንዲህ ያለው ክርክር መሸነፍ ብቻውን አያስከፍልም፤ ተከራካሪው ክርክሩን ያካሄደው አግባብ በሌለው መንገድ መሆን አለበት። የበላይ ትሪቡናሉ በፈረንጆቹ 2016 ዊሎው ኮርት በተባለው ጉዳይ ሦስት ጥያቄ በቅደም ተከተል አስቀምጧል። ምግባሩ አግባብ የለውም ወይ? ከሌለው፣ ትእዛዝ መስጠት ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ከሆነ፣ ምን ዓይነት ትእዛዝ? ከመጀመሪያው ተነስቶ ሁለተኛውን ሳይነካ ገንዘቡ ላይ ያረፈ ውሳኔ ለይግባኝ በር ከፍቷል።

ቅሬታው ሲጻፍ አጭር ይሁን። «ውሳኔው ፍትሐዊ አይደለም፣ ጡረተኛ ነኝ» የትም አያደርስም፤ አቅም ማጣት የሚጠቅመው የመክፈያ ጊዜ ስትጠይቁ ነው። እንዲህ ብትሉ ይሻላል፦ «ትሪቡናሉ ምግባሬ አግባብ እንዳልነበረው ከገለጸ በኋላ ትእዛዝ መስጠት ተገቢ መሆኑን ሳይመረምር፣ በተራ ቁጥር 14 በቀጥታ ወደ ገንዘቡ አልፏል። ማኅበሩ ራሱ ሰነዶቹን ዘግይቶ እንዳቀረበ በጽሑፍ ባመለክትም አልተመዘነም።» ተራ ቁጥር፣ ስህተት፣ ውጤት። ሁለት ጠንካራ ነጥብ ከዘጠኝ ደካማ ይበልጣል፤ ዳኛው ደካማዎቹን ካየ ጠንካራዎቹንም ይጠራጠራል። አዲስ ማስረጃ ደግሞ በአብዛኛው አይቀበሉም፣ ባለው መዝገብ ላይ ሥሩ።

ይግባኝ ማለታችሁ ብቻውን ክፍያውን ላያስቆም ይችላል። እግድ ለብቻው ጠይቁ። ካላችሁበት ቀን ጀምሮ ይግባኝ ሰሚው እስኪወስን ማኅበሩ ሊያስፈጽምባችሁ ይችላል፣ አንዳንዱም አይራራም።

ሒሳቡንም ሥሩ። የተፈረደባችሁ 3,000 ሆኖ ይግባኙ 5,000 ቢያስወጣችሁስ? ብትሸነፉ የዚህኛውም ወጪ ሊጨመር ይችላል። ማኅበሩን በግማሽ እንጨርስ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ቀኑ ግን በድርድር መሐል እንዳያልፍባችሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ይግባኙን አሸንፋችሁም ማኅበሩ የጠበቃ ወጪውን በጋራ መዋጮው አድርጎ ከእናንተም ሊሰበስብ ይሞክር ይሆናል። በኒው ሳውዝ ዌልስ የ2015ቱ የባለቤቶች ማኅበራት አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 104 ካሸነፈ ተከራካሪ ላይ ይህን መሰብሰብ ይከለክላል። በእንግሊዝ አፓርታማ በብዛት በረጅም ሊዝ ስለሚያዝ ጥያቄው የሚቀርበው በአከራዩ ላይ ነው። የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 20ሲ በጋራ ክፍያው የሚመጣውን ወጪ ያግዳል፣ የ2002ቱ የጋራ ባለቤትነትና የሊዝ ማሻሻያ ሕግ አባሪ 11 አንቀጽ 5ኤ ደግሞ ለእናንተ ብቻ ተለይቶ የሚጠየቀውን። ሁለቱም የሚሠሩት ትሪቡናሉ ትእዛዝ ከሰጠ ነውና ሁለቱንም ጠይቁ። የሚቀጥለው የመዋጮ ሒሳብ ሲመጣም «የሕግ አገልግሎት» የሚል መስመር ካለበት ከመክፈላችሁ በፊት የየትኛው መዝገብ እንደሆነ በደብዳቤ ጠይቁ።